ቤት ሲያሠሩ የአሥር ዓመቱን ዋስትና በእጅዎ የሚያደርጉበት መንገድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ቤቱን ካስረከበበት ቀን አንስቶ ለአሥር ዓመት ለሥራው በአግባቡ መሠራትና ለሕንጻው ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ጉዳቱ ከአሠራር ጉድለት ቢመጣም፣ ቤቱ ከቆመበት መሬት ጠባይ ቢመጣም ኃላፊነቱ ይመለከተዋል። ይህን የሚያውቅ ባለቤት ጥቂት ነው። ከሚያውቁትም መካከል ግድግዳው በአራተኛው ዓመት ሲሰነጠቅ መብቱን ሊጠቀምበት የሚችለው ከዚያም ያነሰ ነው።

ችግሩ በአብዛኛው ከአራት ነገሮች አይወጣም። ርክክቡ በቃል ስለተደረገ አሥሩ ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር አይታወቅም። ውሉ አንድ ገጽ ሆኖ ስለ ዋስትና አንድም ቃል የለበትም። የተቀበረው ብረትና የተደፋው ኮንክሪት ማስረጃ ስለሌለው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም። በመጨረሻም ተቋራጩ ገንዘቡን ጨርሶ ወስዷል፤ ስልኩም አይነሳም። ስለዚህ ዋስትናው መዘጋጀት ያለበት መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው በሥራው ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው።

፩. ተጠያቂው ማን እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ

ቤት በሦስት መንገድ ይሠራል፤ ዋስትናውም በሦስቱ እኩል አይደለም።

ሙሉ ኮንትራት ከሆነ ቁሳቁሱንም ሙያውንም የሚያቀርበው አንድ ተቋራጭ ነው። ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቀውም አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ነው። ለዋስትና ሲባል ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

በእጅ ዋጋ ሲሆን ሲሚንቶውን፣ ፌሮውንና ብሎኬቱን ባለቤቱ ይገዛል፤ ተቋራጩ ሙያና ሠራተኛ ብቻ ያቀርባል። እዚህ ላይ ክርክሩ ከወዲሁ የታወቀ ነው፦ «ሥራዬ ደህና ነው፣ ያመጣችሁልኝ ሲሚንቶ ነው የከዳው» ይባላል። መከላከያው የዕቃ መረካከቢያ መዝገብ ነው። ቁሳቁስ በገባ ቁጥር ቀኑን፣ ዓይነቱን፣ ብዛቱንና የተመረተበትን ቀን ይጻፉና ተቋራጩ «አይቼ፣ ለሥራው ብቁ ሆኖ አግኝቼ ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርም። ብቁ አይደለም ካለ ምክንያቱን እዚያው ይጻፍ፤ ዕቃውም ይመለስ። ውሉ ላይም ይህን የማድረግ ግዴታ ያስገቡበት።

ሦስተኛው መንገድ ፎርማን ቀጥሮ ግንበኛውን፣ ፌራዮውን (ፌሮ አሳሪውን)፣ አናጢውንና ቧንቧ ሠራተኛውን በየሙያው ማሠራት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ራሱ ተቋራጭ ሆኗል ማለት ይቻላል። የአሥር ዓመቱን ዋስትና የሚጭንበት አንድ ወገን አያገኝም። ይህን መንገድ ከመረጡ ቢያንስ መሠረቱን፣ ኮለኑን (ምሰሶውን)፣ ቢሙን (አግዳሚ ተሸካሚውን) እና ሶሌታውን (የኮንክሪት ወለሉን) ለአንድ ፈቃድ ላለው ተቋራጭ በጽሑፍ ውል ይስጡ። ልስኑን፣ ቀለሙንና ሴራሚኩን በየሙያው ማሠራት ይችላሉ፤ እነሱ ቢበላሹ ቤቱን አይጥሉትም።

ተቋራጩን ሲመርጡ የታደሰ ንግድ ፈቃዱንና የብቃት ማረጋገጫውን ዋናውን ይዩ፤ ኮፒውንም ያስቀሩ። ድርጅት ከሆነ የሚፈርመው ሰው ሥራ አስኪያጅ መሆኑን ወይም ውክልና መያዙን ያረጋግጡ። የሌላ ሰው ፈቃድ ተከራይቶ የሚሠራ ተቋራጭ ብዙ ነው። ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ ውሉ ላይ ያለው ስምና ክፍያው የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስም አንድ ካልሆኑ ነገ ማንን እንደሚከሱ አያውቁም።

፪. አፈሩን ያስመርምሩ

አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ባሉ ሜዳማ አካባቢዎች ጥቁር አፈር ሰፊ ቦታ ይዟል። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ያመጣል።

ሥዕሉ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልቅ በሜትር ለክተው ፎቶ ያንሡ፤ ከየጥልቀቱም ናሙና ወደ አፈር ላቦራቶሪ ይላኩ። ከሚሠሩት ምርመራዎች አንዱ የነጻ እብጠት ልኬት ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር የደረቀና የተነፋ አፈር ውኃ ባለበት መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ 24 ሰዓት ይቆያል። ከ50 በመቶ በታች ያበጠ አፈር ብዙ አያሳስብም፤ 100 በመቶና ከዚያ በላይ ያበጠ ከሆነ ግን ለመኖሪያ ቤት አደገኛ ነው። መሐንዲሱ መሠረቱን ከዚያ ንብርብር በታች ማውረድ ወይም አፈሩን አስወጥቶ በሰለክት (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ ሙሊት) መተካት እንዳለበት ይወስናል። ሰለክቱም በአንድ ጊዜ ተደፍቶ አይጠቀጠቅም። በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ ይወጣል።

የምርመራውን ውጤት ከውሉ ጋር አባሪ አድርገው ተቋራጩን ያስፈርሙበት። ይህ አንድ ፊርማ በኋላ «አፈሩ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» የሚለውን ክርክር ይዘጋል። ምርመራውን ለመቆጠብ የሚዘልሉ ባለቤቶች አሉ፤ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ግን ይህን ያህል ጉዳት የሚያስቀር ሌላ ወጪ የለም።

፫. ውሉ

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ በየገጹ ይፈረም። የጸደቀው ሥዕል፣ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ፣ የአፈር ምርመራውና የክፍያ መርሐ ግብሩ የውሉ አካል መሆናቸው ይጻፍ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ «ጥራት ያለው ኮንክሪት» የሚል ቃል አይበቃም። «ሲ-25፣ በሜትር ኩብ ከ360 ኪሎ ያላነሰ ሲሚንቶ ያለው» ተብሎ ይጻፍ፤ ሲ-25 የኮንክሪት የጥንካሬ ደረጃ ስም ነው።

ስለ ዋስትናው ጊዜ ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚወሰድ ጥሩ ልምድ አለ። እዚያ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ቤት የሚሠራ ፈቃድ ያለው ገንቢ «ሁለት፣ አምስት፣ አሥር» የሚባል (ቁጥሮቹ ለየክፍሉ የሚሰጠው ዋስትና ዓመታት ናቸው) የዋስትና መድን መግባት አለበት፤ ለራሱ ቤት የሚሠራ ግለሰብ ደግሞ ከዚያ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ልዩ ፈቃድ ያወጣል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቤቱን ቢሸጥም ለገዢው ኃላፊነት አለበት። ጠቃሚው ነገር ቤቱን በየክፍሉ ለያይቶ ጊዜ መስጠቱ ነው። እኛም በውል ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ሥራ ተቋራጩ ከጊዜያዊ ርክክብ ቀን ጀምሮ ለልስን፣ ለቀለም፣ ለሴራሚክ፣ ለበርና ለመስኮት 1 ዓመት፤ ለውኃና ፍሳሽ መስመር እንዲሁም ለኤሌክትሪክ ዝርጋታ 2 ዓመት፤ ጣሪያው፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ክፍሎቹ ውኃ እንዳያስተላልፉ 5 ዓመት፤ ለመሠረት፣ ለኮለን፣ ለቢም፣ ለሶሌታና ለደረጃ 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ጉድለት በጽሑፍ ከተነገረው በ7 ቀን ውስጥ መጥቶ ያያል፤ በ21 ቀን ውስጥ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ካላስተካከለ አሠሪው በሌላ ባለሙያ አሠርቶ ወጪውን ከመያዣ ገንዘቡ ይቀንሳል፤ ያልሸፈነውንም ይጠይቃል። ይህ አንቀጽ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የተሰጠውን ዋስትና አይቀንስም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። እሱ ከሌለ ተቋራጩ «የልስኑ ዋስትና አንድ ዓመት ነው ተባብለናል» ብሎ ልስኑን ያረገፈውን የግድግዳ ችግር ጭምር ሊያመልጥበት ይሞክራል። የአሥር ዓመቱን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም «ከርክክብ በኋላ ተቋራጩ ኃላፊነት የለበትም» የሚል ሐረግ ያለበት ውል ከቀረበልዎ ሐረጉ እስኪወጣ አይፈርሙ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ነው። ዋስትናን በተግባር የሚያስከብረው ያልተከፈለ ገንዘብ ስለሆነ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ይሥሩት። የ6,000,000 ብር ውል እንውሰድ። ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ ቢሆን 1,200,000 ብር ነው፤ ይህን የሚከፍሉት የዚያኑ ያህል የባንክ ወይም የመድን ዋስትና ሲቀርብልዎ ብቻ ነው። ከየክፍያውም 20 በመቶ እየተቀነሰ ይመለሳል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና 10 በመቶ፣ ማለትም 600,000 ብር ይያዝ። ከየክፍያው 5 በመቶ መያዣ ወይም በተለምዶ ሪቴንሽን የሚባለው ይቀራል፤ ሥራው ሲያልቅ 300,000 ብር ይሆናል። ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ (ቤቱን መጀመሪያ ሲረከቡ)፣ ቀሪው 150,000 ብር ከዚያ 12 ወር ቆይቶ በሚደረገው የመጨረሻ ርክክብ ይለቀቃል። ለመዘግየት በቀን ከሺህ አንድ፣ ማለትም 6,000 ብር ሆኖ ከጠቅላላው 10 በመቶ እንዳያልፍ ይወሰናል።

የዋስትና ደብዳቤ ሲቀበሉ ሦስት ነገር ያንብቡ፦ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ «በመጀመሪያ ጥያቄ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይከፈላል» የሚል መሆኑን። ቀኑ ካለፈ ደብዳቤው ተራ ወረቀት ነው። ሥራው ከዘገየ ዋስትናው ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት እንዲራዘም በጽሑፍ ይጠይቁ። ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑንም የሰጠው ባንክ ወይም መድን ድርጅት ዘንድ ሄደው ያረጋግጡ።

አነስተኛ ተቋራጭ የባንክ ዋስትና ማቅረብ ካልቻለ ሰው ዋስ ሊጠራ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ የዋስትና ውሉ ፈራሽ ነው። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ፊርማ አያዋጣም። «እስከ 600,000 ብር ድረስ» ተብሎ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ።

ውጭ አገር ሆነው የሚያሠሩ ከሆነ ውክልናው ራሱ የዋስትናው አካል ነው። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠውን ውክልና አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያስጨርሱ። ውክልናው ውስጥ ክፍያ መፈጸም ብቻ ሳይሆን ሥራ መረከብ፣ ጉድለት በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ዋስትና መጠየቅና ክስ መመሥረት በስም ይዘርዘር። ተወካዩ የተቋራጩ ዘመድ ወይም ተቋራጩን ያመጣው ደላላ አይሁን። ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ከተወካዩ የተለየ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ገንዘብ የሚከፍለውና ሥራውን የሚያጸድቀው አንድ እጅ ሲሆን የሚጠብቅ ዓይን አይኖርም።

፬. የሚቀበረውን ሁሉ ከመቀበሩ በፊት ይመዝግቡ

ኮንክሪት ከተደፋ በኋላ ውስጡ ያለውን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለየደረጃው፣ ለፉቲንግ (ለኮለኑ የመሠረት እግር)፣ ለግሬድ ቢም (መሬት አጠገብ ለሚያልፈው ቢም)፣ ለኮለን፣ ለሶሌታ አንድ አንድ የፍተሻ ወረቀት ያዘጋጁ። ተቆጣጣሪው፣ ተቋራጩና እርስዎ ወይም ተወካይዎ ሳይፈርሙ አይደፋ። ከወረቀቱ ጋር ሜትር ተዘርግቶበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ የሚታይ ፎቶ ይያያዝ።

ፌሮ በገባ ዕለት ይመዘናል። አንድ ሜትር ቆርጠው በትክክለኛ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፦ ባለ 8 ሚሊው 0.395 ኪሎ፣ ባለ 10ሩ 0.617፣ ባለ 12ቱ 0.888፣ ባለ 14ቱ 1.21፣ ባለ 16ቱ 1.58 ኪሎ መምጣት አለበት። ሌላ ቁጥር ማወቅ ከፈለጉ የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተው ለ162 ያካፍሉት። 12 ሜትር የሆነ ሙሉ ባለ 12 ፌሮ 10.66 ኪሎ ነው። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠ ብረት 11 ሚሊ ሆኖ ቢገኝ በዓይን አይለይም፤ ብረቱ ግን በ16 በመቶ አንሷል። ከ5 በመቶ በላይ የጎደለውን መልሱት።

ፌሮው ከታሰረ በኋላ የሚታየው የስታፋዎቹ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያቅፉት ቀለበቶች) ርቀት ነው። ሥዕሉ ላይ ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ስታፋው እንዲጠጋጋ ተጽፎ ሳለ ፌራዮው ሁሉንም በእኩል ርቀት ያስረዋል። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ኮለን የሚሰበረው እዚያው ጥግ ላይ ስለሆነ ይህ ቸል አይባልም። ከዚያ ሽፋኑ፣ ማለትም ፌሮውን ከውጭ የሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት ይታያል፦ በአብዛኛው ሥዕል ለፉቲንግ 5፣ ለኮለንና ለቢም 2.5፣ ለሶሌታ 1.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ፌሮው ከጣውላው ጋር ከተጣበቀ እርጥበት ይደርስበታል፤ ይዝጋል፤ ዝገቱም እያበጠ ኮንክሪቱን ይገምሰዋል። በጠጠር ምትክ ከሲሚንቶና አሸዋ የተሠራ ስፔሰር (ፌሮውን ከጣውላው የሚያርቅ ትንሽ ቁራጭ) ይጠቀሙ።

አሸዋውን ግልጽ በሆነ ጠርሙስ ይፈትኑ። ግማሹን አሸዋ፣ ከዚያ ውኃና ትንሽ ጨው ጨምረው በደንብ አናውጠው ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚሰፍረው የጭቃ ንብርብር ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም የጓጎለ ከሆነ ለመዋቅር ሥራ አይዋል።

ኮንክሪት ሲደፋ ደግሞ ዋናው ቁጥጥር አሸዋና ጠጠር በሚለካበት ሣጥን ላይ ነው። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 36 ሊትር ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ውኃው በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ተቆጥሮ ወደ 25 ሊትር ነው። ሠራተኛው መግፋት ሲከብደው ባልዲ ይጨምርበታል፤ ውኃው 35 ሊትር ሲደርስ ጥንካሬው በሲሶና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ለሥራ እንዲቀል ከተፈለገ ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያስተኛ መሣሪያ) ይምጣ፤ ውኃ አይጨመርም።

ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ባዶ ከረጢት መቁጠር ነው። 100 ካሬ ሜትር የሆነና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 15 ሜትር ኩብ ነው። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ከሆነ 108 ከረጢት ሲሚንቶ ማለቅ አለበት። ማታ ላይ 80 ባዶ ከረጢት ብቻ ከተገኘ ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ 267 ኪሎ ብቻ ይዟል። ቁጥሩን መዝግበው ያስፈርሙ።

ከየድፍያው ስድስት የ15 ሳንቲ ሜትር ኩብ ናሙና ይወሰድ፤ ሦስቱ በ7ኛው፣ ሦስቱ በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ይሰበራሉ። ለሲ-25 በ7 ቀን ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጠበቃል፤ ፒፒሲ (ፖዞላና የሚባል ዱቄት የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ከሆነ ትንሽ ይዘገያል። ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ተለይቶ የተሠራ እንዳይሆን እርስዎ ባሉበት ከድፍያው መሐል ይወሰድ፤ ቀንና የቦታው ስም እርጥቡ ላይ ይቀረጽበት።

ማጠጣቱ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ይቀጥል። የሶሌታ ድጋፍ ከ14 ቀን፣ የቢም ድጋፍ ከ21 ቀን በፊት አይነቀል፤ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ካለ ከዚያም ይቆይ። ድጋፉን ለሚቀጥለው ፎቅ ለመጠቀም ሲባል ቶሎ መንቀል ሶሌታው መሐሉ ላይ ጎንበስ እንዲልና ከሥሩ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል፤ ይህ ጉዳት ከተፈጠረ አይመለስም።

ብሎኬትና ኮለን በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚታየው ቀጥ ያለ ስንጥቅ በየቤቱ አለ። ምክንያቱ ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ነው። ከልስኑ በፊት መጋጠሚያው ላይ ወንፊት ሽቦ ከተመታበት ስንጥቁ በጣም ይቀንሳል። ሥራ ዝርዝሩ ላይ ይግባ።

፭. ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክብ ዋስትናው መቆጠር የሚጀምርበት ቀን ስለሆነ ያለ ቃለ ጉባኤ ወደ ቤቱ አይግቡ። ዕቃ አስገብቶ መኖር ከተጀመረ በኋላ የርክክብ ቀኑም፣ የመስታወቱ መሰንጠቅ የማን ጥፋት እንደሆነም አከራካሪ ይሆናል።

ከመፈረምዎ በፊት ቤቱን ውኃ ይፈትኑት። ጠፍጣፋ ጣሪያ ከሆነ መውረጃዎቹን ዘግተው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ለ48 ሰዓት ያቁሩበት፤ ከሥር እርጥበት ከታየ አይረከቡ። መታጠቢያ ክፍሎች ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተነጠፈ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ለ24 ሰዓት ይፈተናሉ። የመጀመሪያውን ፈተና የዘለለ ሰው ሲያፈስበት የሚያፈርሰው ሴራሚኩን ነው። የውኃ ቧንቧ ከልስኑ በፊት በግፊት ይፈተናል፦ ፓምፑ የሚገፋው 4 ባር ከሆነ 6 ባር ተደርጎ ለአንድ ሰዓት የግፊት መለኪያው መርፌ መውረድ የለበትም። ሴራሚኩን በሳንቲም እየነኩ ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ አልተሞላም። በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ላይ 30 ሚሊ አምፒር የሆነ የፍሳሽ ጅረት ቆራጭ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ምድር ሲያመልጥ የሚያጠፋ መሣሪያ) መኖሩንና የሙከራ ቁልፉ ሲጫን መቁረጡን ይዩ፤ የምድር ሽቦው መቋቋምም በመሣሪያ ይለካ፤ ከ10 ኦም በላይ ከሆነ ተጨማሪ ዘንግ ይቀበር።

ቃለ ጉባኤው የርክክቡን ቀን፣ የተገኙትን ሰዎች፣ የተገኙትን ጉድለቶች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ የሚስተካከልበትን ቀን ይያዝ። «ጥቃቅን ጉድለቶች አሉ» የሚል አጠቃላይ ሐረግ ምንም አያስገድድም። «የፎቁ መታጠቢያ ክፍል መውረጃ ተዳፋት የለውም፤ ውኃ በበሩ በኩል ይቆማል» ተብሎ ይጻፍ። ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር በግድግዳው ውስጥ የሄደበትን የሚያሳይ ሥዕልና ፎቶ፣ የፓምፕ፣ የቦይለርና የውኃ ታንከር የፋብሪካ ዋስትናና ደረሰኝ ከቁልፉ ጋር ይረከቡ።

ከጊዜያዊ እስከ መጨረሻው ርክክብ ሙሉ 12 ወር ይሁን። ስድስት ወር ይበቃል የሚል ተቋራጭ ካለ ቀን መቁጠሪያውን ያሳዩት። በጥቅምት የተረከቡት ቤት ስድስት ወሩ በሚያዝያ ያልቃል፤ ዋናውን ክረምት ሳያይ ማለት ነው። ጣሪያውም መሠረቱም የሚፈተኑት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት ደግሞ ክረምቱን አብጦ በጋውን ሲደርቅ መታየት አለበት።

፮. ጉድለት ሲታይ

ስንጥቅ ሁሉ አደጋ አይደለም። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና እንደ ካርታ የተበታተነ ስንጥቅ በአብዛኛው የልስን መድረቅ ነው። ከመስኮትና ከበር ጥግ ሰያፍ የሚሄድ፣ አንደኛው ጫፉ ሰፊ የሆነ፣ ብሎኬቱን ጭምር የሚቆርጥ ከሆነ መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ብለው ይጠርጥሩ። 5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መሐንዲስ ሳይዘገይ ይየው። ቢም ወይም ኮለን ላይ የሚታይ ስንጥቅ ግን ስፋቱ ምንም ይሁን ለመሐንዲስ ይታያል።

እንቅስቃሴው መቀጠሉን ለማወቅ ስንጥቁን የሚያቋርጥ የጅብሰም ጠፍጣፋ ንጣፍ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ያድርጉበትና ቀኑን ይጻፉበት። ጅብሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሡት።

ከዚያ በጽሑፍ ያሳውቁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመልኝም ለማለት በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ደብዳቤው አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን፦

«በ___ ቀን በተፈረመው ውል ሠርተው በ___ ቀን ባስረከቡኝ መኖሪያ ቤት፣ በሳሎኑ ምሥራቃዊ ግድግዳ ከመስኮቱ ታችኛ ጥግ እስከ ወለሉ የሚደርስ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰያፍ ስንጥቅ በ___ ቀን ተገኝቷል። ፎቶ አባሪ ነው። በውሉ አንቀጽ ___ እና በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት በ7 ቀን ውስጥ መጥተው እንዲያዩ፣ መንስኤውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁና በ21 ቀን ውስጥ እንዲያስተካክሉ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ በሕግና በውሉ ያለኝን መብት እጠቀማለሁ።»

ኮፒው ላይ አስፈርመው ይስጡ፤ አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ። በቴሌግራም መላኩ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ብቻውን ግን አይመኩበት። ውሉ ላይ ተቋራጩ አድራሻውን ሲቀይር የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበትና በተጻፈው አድራሻ የተላከ ደብዳቤ እንደደረሰ እንደሚቆጠር ቀደም ብሎ መጻፉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ተቋራጩ ሳያየው በሌላ ሰው አስጠግነው ስንጥቁን አይድፈኑ፤ ማስረጃውን ራስዎ አጠፉት ማለት ነው። የሚፈስ ቧንቧ ወይም የሚወድቅ ነገር ከሆነ ጉዳቱን ለማቆም የሚያስፈልገውን ብቻ ያድርጉ፤ የተነቀለውን ዕቃ ያስቀምጡ፤ ቪዲዮ ይቅረጹ። ቀነ ገደቡ ካለፈ ገለልተኛ መሐንዲስ መንስኤውን፣ የጥገናውን ዘዴና ዋጋ የያዘ የተፈረመ ሪፖርት ያዘጋጅ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከሪፖርቱ ጋር ይላክ። የዋስትና ደብዳቤው የሚያበቃበት ቀን ከቀረበ ግን ሁለተኛውን ደብዳቤ አይጠብቁ፤ ባንኩን ቀድመው ይጠይቁ። ውሉ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው ወደዚያ፣ ከሌለው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

፯. ባለቤቱ ራሱ ዋስትናውን የሚያጣባቸው ነገሮች

ሥዕሉ ላይ ያልነበረ ፎቅ መጨመር ወይም ቢም ቀድዶ ቧንቧ ማሳለፍ ተቋራጩን ነጻ የሚያወጣ መከራከሪያ ይሰጠዋል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ ለዚያ ያልታሰበ ሶሌታ ላይ ሥዕሉን የሠራው መሐንዲስ ሳይፈቅድ አይቀመጥ። በጥቁር አፈር ላይ ግድግዳው ሥር አትክልት ማጠጣትና ከቤቱ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል መሠረቱን ያናጋል፤ በዙሪያው ከ1 ሜትር ያላነሰ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ የሲሚንቶ ንጣፍ ይደረግ። አሸንዳውን በየዓመቱ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ገደማ ያስጠርጉና ያስጠረጉበትን ቀን ይመዝግቡ። የተዘጋ አሸንዳ ያመጣውን እርጥበት ተቋራጩ አይሸከምም፤ መዝገቡ ካለዎት ግን አሸንዳውን ሰበብ ማድረግ አይችልም።

ውሉ፣ የአፈር ምርመራው፣ የፍተሻ ወረቀቶቹ፣ የኩብ ውጤቶቹ፣ የከረጢት ቆጠራው፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤዎቹና ፎቶዎቹ በአንድ ፋይል ሆነው አንዱ ኮፒ ከቤቱ ውጭ፣ ለምሳሌ በዘመድ ቤት ወይም በኢሜይል ይቀመጥ፤ አሥሩ ዓመት እስኪሞላም አይጣል።